እጅ ያልነካው ካርድ

ንድፍ ሠሪዋ የቤቶችን ምስል ስታዘጋጅ፣ ምስል የሚያቀናብረው የኮምፒውተሯ ግራፊክስ ካርድ በማርጀቱ ኮምፒውተሩ ሥራው ግማሽ ሳይደርስ ድርግም ይልባታል። ታላቅ ወንድሟ ግን "ትንሽ ታገሺ፣ አዲሱ ሞዴል ሲወጣ የድሮው ይረክሳል" እያለ ስምንት ወር አስጠበቃት። አዲሱም ወጣ፤ የድሮው ዋጋ ጭራሽ ሰማይ ነካ። በመጨረሻ "ከዚህ በላይስ ምን እጠብቃለሁ?" ብላ ኮምፒውተር ሻጩ ዘንድ ሄደች።

"እህቴ፣ ዛሬ ካልገዛሽ ነገ አታገኚውም" አላት ሻጩ፣ ካርቶን እየከፈተ። "አዲስ፣ እጅ ያልነካው!"

ካርዱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ላይ ላዩ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ማራገቢያውን በጣቷ ስታሽከረክረው ግን ከሥሩ የሲጋራ ጭስ ያጨማለቀው አቧራ፣ አቧራው ላይ የተጣበቀ ፀጉርና አንድ የደረቀ በረሮ ብቅ አሉ። አንገሸገሻት።

"እጅ ያልነካው ይሄ ነው?" አለች በረሮውን እያሳየችው።

ሻጩ ትንሽ እንኳ አላፈረም። ባሳደገው የትንሽ ጣቱ ጥፍር በረሮውን ፈንቅሎ ጣለና "ይኸው፣ አሁን አዲስ ሆነ! ለአንቺ ደግሞ ቀነስ አደርግልሻለሁ" አለ እየሳቀ።

ከበረሮው ይልቅ ሳቁ ቀፈፋት። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች።

መንገድ ላይ ወንድሟ ደወለ። "ገዛሽ ወይስ ጠበቅሽ?"

"ጠበቅሁ። ምክርህን ሰምቼ እንዳይመስልህ፤ ቀፎኝ ነው።"

ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ሁለቴ ታጠበች። ከዚያ የምስሎቹን ጥራት ዝቅ አድርጋ፣ ፊቷን እንዳጨማደደች በአሮጌው ካርድ ሥራዋን ቀጠለች።