ዝምድናው ይገለጽ

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት ለመሆን ስማር፣ በደርግ ዘመን፣ ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት እንጅባራ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ስለሆነ ርቄ የምሄድ አልመሰለኝም። አውቶቡሱ ሽቅብ እየወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ ግን የለበስኩት ሹራብ እንደማይበቃኝ ገባኝ። ከልብሴ ሌላ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው፤ የትምህርት ዕቅድ የምጽፍበት ደብተርና የሶሲዮሎጂ መምህራችን የሰጡን መጠይቅ። አንድ ቤተሰብ መርጠን፣ አብረን ሰንብተን፣ መጠይቁን ሞልተን እንድንመልስ ታዘናል። ልምምዱም ሆነ መጠይቁ ካልተሟላ ሰርተፊኬት የለም።

ትምህርት ቤቱ ያገኘልኝ ማረፊያ ከከተማው ዳር፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበ የሁለት አሮጊቶች ቤት ነበር። ታላቋ እማማ ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አይቀመጡም። ታናሿ እማማ ዓይናቸው አያይም፤ መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፣ ነገር ሁሉ ያስቃቸዋል። እህትማማቾች መሰሉኝ። እኔም ቤተሰብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም ብዬ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መጠይቁን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከታናሿ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው?»

«እሷ ናታ» አሉ በእንዝርታቸው ወደ ጓዳ እየጠቆሙ። «ስትቆጣ አትሰሚም?»

ቀጥሎ የኅብረተሰብ መደብ የሚል አለ፤ «ገበሬ» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ በታች «ከኃላፊው ጋር ያለው ዝምድና» ይላል።

«እማማ፣ እርስዎ ለእሳቸው ምናቸው ነዎት? እህት?»

እንዝርቱ ቆመ። ታላቋ እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ።

«ባሌን ያገባች ናት» አሉ።

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አነሣሁ። እሳቸው ግን ቁጭ አሉ፤ ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በልጅነታቸው ተድረው የመጡት እዚሁ ግቢ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ልጅ ስላልወለዱ ባላቸው ፈቷቸውና ታናሿን አገባ። እሳቸው አዲስ ቅዳም ከተማ፣ ወንድማቸው ዘንድ ተጠግተው ኖሩ። በኋላ ባልየው ሞተ። ታናሿ የወለዷት አንድ ልጅ ቆላ ተድራ ሄደች፤ ዓይናቸውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ታላቋ ይህን ሁሉ የሰሙት ገበያ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን መጡ?» አልኳቸው።

«ይህ ቤት ሲሠራ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ጣሪያው ያፈሳል ሲሉኝ አላስችል አለኝ፣ ላሠራው መጣሁ። ጣሪያውን አሠራሁ። ከዚያ እሷን አየኋት። ድስት አወጣለሁ ብላ እጇን እሳት ውስጥ ልትከት ነበር። እንዴት ጥያት ልሂድ?»

«አልጠሏቸውም ነበር?»

«ጠልቻታለሁ እንጂ። ብዙ ዓመት ጠልቻታለሁ።» ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «እሱም ያደክማል፣ ልጄ።»

ታናሿ እማማ ክሩን በጣቶቻቸው እየፈለጉ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ጎረቤቶቼ ክፉ አልነበሩም። ምግብ ያመጡልኝ ነበር። ግን ሁሉም ያዝኑልኛል። እሷ የመጣች ዕለት ‹ይህን ፀጉርሽን ምን አድርገሽዋል?› ብላ ተቆጣችኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የሚቆጣኝ ሰው አገኘሁ።»

እስክሪብቶዬ እንደተንጠለጠለ ነው። ታላቋ እማማ አይተውኝ «እህቴ ናት ብለሽ ጻፊ» አሉ።

«ውሸት አታጽፊያት» አሉ ታናሿ። «ለትምህርት ነው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«አብረው ይኖራሉ በይ» አሉኝ ታናሿ።

እንዳሉኝ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ታላቋ እማማ ድንች እየላጡ አገውኛ ያስተምሩኝ ጀመር። ዳንግላ ገበያ ላይ ስሰማው ያደግሁት ቋንቋ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ልማረው አላሰብኩም። ቤት የሚለው ቃል ብቻውን አስቸገረኝ። በአፍንጫ በሚወጣ ድምፅ ይጀምራል፣ ለዚያ ድምፅ እኔ የማውቀው ፊደል አልነበረም። ስሳሳት ታናሿ እማማ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የተማርኩበት ምክንያት ክፍሌ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ከገጠር የሚመጡ ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ስጠይቃቸው ግን ጠረጴዛቸውን ያያሉ።

ከኮሌጅ ተቆጣጣሪ መጥቶ የሚገመግመኝ ቀን ደረሰ። ርዕሱ «ቤተሰብ» ነው። ትልቅ ሥዕል ሠርቼ ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩ፤ አባት ወንበር ላይ፣ እናት ከጎኑ፣ ሁለት ልጆች ከፊታቸው። ተቆጣጣሪው ከኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። ፊት የተቀመጠችን አንዲት ልጅ «አንቺስ ከማን ጋር ትኖሪያለሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። አጠገቧ ያለችው ናት የመለሰችልኝ፤

«አባቷ ወደ ጦርነት ሄዷል። እናቷ ሞታለች።»

ልጅቷ ሥዕሉን ቀና ብላ አየችውና ተመልሳ አቀረቀረች። ምን ያህል እንዳፈርኩ ዛሬም አስታውሳለሁ። ዕቅዴ ላይ ቀጥሎ የነበረው የቤተሰብ ትርጉም ነው። አላነበብኩትም። ሥዕሉን አወረድኩት፣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩትና «ብርድ ሲሆን ማን ነው የሚያለብሳችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጠረጴዛቸውን አዩ። ጥያቄውን እንደምንም በአገውኛ ደገምኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ አንዱ ልጅ ተነሥቶ አነጋገሬን አረመኝ። ከዚያ መልሱ ይጎርፍ ጀመር። የአጎቴ ሚስት አለ አንዱ። አንዲቷ ታናሽ ወንድሟን የምታለብሰው ራሷ መሆኗን ተናገረች። ፊት ያለችው ልጅ መጨረሻ ላይ እጇን አወጣች።

«ጎረቤታችን» አለች። «ከልጆቿ ጋር ታስተኛኛለች።»

«እሷም ቤተሰብሽ ናት» አልኳት፤ እሱንም ሰሌዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ጻፍኩት።

ተቆጣጣሪው ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ከዕቅድሽ ወጥተሻል፣ ነጥብ ያስቀንስሻል» አለኝ። ጥቂት እንደ መሄድ ብሎ ተመለሰና «ክፍሉ ግን ተናግሯል፤ እሱንም ጽፌልሻለሁ» አለ።

ኮሌጅ ተመልሼ መጠይቁን አስገባሁ። በሳምንቱ ሲመለስልኝ «አብረው ይኖራሉ» የሚለው ሥር በቀይ ተሰምሮ «ዝምድናው ይገለጽ» ተብሎበታል። ወደ ሶሲዮሎጂ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ስለ ምርት ግንኙነት ሲያስተምሩን ድምፃቸው የሚያስፈራን ሰው ነበሩ። የሁለቱን ሴቶች ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ቦታው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ጓድ።»

ወረቀቱን ገለበጡት። «ጀርባው ባዶ አይደለም እንዴ?»

በጀርባው ጻፍኩ፤ አልበቃ ሲለኝ ሌላ ወረቀት ጨመርኩ። ማርኩን ሰጡኝ፤ ወረቀቱን ግን አልመለሱልኝም። ላስቀምጠው ብለው ጠየቁኝ።

ሰርተፊኬቴን ይዤ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ ለማስተማር ስመደብ መንገዴ በእንጅባራ ነበርና ጎራ አልኩ። ታናሿ እማማ ወረቀቱን ልንካው ብለው ተቀበሉኝ፤ ማኅተሙ የተረገጠበትን ቦታ በጣታቸው አገኙት። «ይህ ነው መምህርት ያደረገሽ?» አሉ። ታላቋ «እጅሽ ቅቤ ነው፣ ልታበላሺባት ነው» ብለው ነጠቋቸው፤ ራሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው መጥተው ወረቀቱን እንዲያው ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆሙ።

ታናሿ እማማ የሞቱት እኔ ከተመደብኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። መልእክቱ ሲደርሰኝ ቀብሩ አልፎ ነበር። እንጅባራ ስደርስ ታላቋ እማማ ጥቁር ለብሰው፣ ሥራ ፈትተው፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለት ቀን አብሬያቸው ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሥተው ግቢውን ጠረጉና ልብሴን አጣጥፈው ሰጡኝ።

«የክፍልሽ ልጆች ብቻቸውን ናቸው» አሉኝ። «ሂጂ።»

አውቶቡሱ እስኪመጣ ከጎኔ ቆመው ጠበቁ።