በጥሞና ላይ

ቃል መውደድ በሽታ ከሆነ እኔ ገና በልጅነቴ ነው የታመምኩት። ሰው ሲያወራ ጉዳዩን ትቼ ቃሉን እሰማለሁ። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ያደረገኝም ይኸው ነው፤ «እጅ ጽሑፏ ያምራል፣ አማርኛዋም ንጹሕ ነው» ተብዬ ነፋስ ስልክ ሰፈር ባለው አዳራሽ እሁድ እሁድ ከፊት ተቀምጬ እጽፍ ነበር።

አንድ እሁድ ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር ቆየና ድንገት አቆመ። ከኋላ ወንበር ላይ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ከደቡብ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ኮቱ ላይ የክር ቁራጭ አይጠፋም።

«ጓድ ልብስ ሰፊ! ምን ያስተክዝሃል? ሕዝብ እየተወያየ ትካዜ ምንድነው?»

በዚያን ጊዜ ትካዜ ቀላል ነገር አልነበረም። የተከዘ ሰው አኩርፏል ይባላል፤ ያኮረፈ ደግሞ ከእነማን ጋር ሆኖ እንዳኮረፈ ይጠየቃል።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። «አልተከዝኩም ጓድ ሊቀመንበር። በጥሞና ላይ ነበርኩ።»

«ይኸው!» አለ ሊቀመንበሩ ፊቱ በርቶ። «ጓድ በጥሞና ነው የሚያዳምጠው፤ እናንተ ግን ታንጎላጃላችሁ!» ተጨበጨበ።

እኔ «ላይ» ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። በጥሞና ይሰማል፣ በጥሞና ይነበባል፤ «በጥሞና ላይ» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሥራ ላይ ይሆናል፣ ጉዞ ላይ ይሆናል። ጥሞና የሚሠራ ነገር ነው ወይስ የሚኬድበት? እንደተናገረው አድርጌ ጻፍኩት፤ የሰው ቃል ማረም አልወድም።

ከቃሉ ጋር ስታገል ሰነበትኩ። ትካዜ ውስጥ ኀዘን አለ። «ሐሳብ ገባው» ከተባለ ጭንቀት ነው። አርምሞ የገዳም ነው፤ እንደኔ ያለች ለፍላፊ አትደርስበትም። ታዲያ ሳያዝኑ፣ ሳይጨነቁ፣ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ማሰብ ምን ይባላል? በዚህ ዕድሜዬ ስሙን አለማወቄ አናደደኝ።

ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ የልብስ ሰፊውን ሚስት አገኘኋት። በሰፈሩ ከማንም በላይ የምወዳት እሷን ነበር።

«ባልሽ ያን ዕለት ምን ማለቱ ነው?» አልኳት።

ዙሪያዋን ቃኘችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «የኛ ሰዎች እንዲህ ነው የምንለው። ጠዋት ብቻሽን ቁጭ ትያለሽ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ታነቢያለሽ፣ ከዚያ ዝም ትያለሽ። መለመን አይደለም፤ መስማት ነው። እሱን ነው ጥሞና የምንለው።»

ጴንጤዎች ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ የሚጸልዩት በየቤቱ ተደብቀው ነው። ተይዘው ሲወሰዱም በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ልቤ የሄደው ወደ ሌላ ነበር። ልብስ ሰፊው አልዋሸም፤ ሊቀመንበሩም አልተሳሳተም። ሰውየው በእርግጥም እያዳመጠ ነበር፣ ሊቀመንበሩን ግን አይደለም! ብቻዬን ሳቅሁ።

እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ እንዴት ዝም ልበል? በማግስቱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪውን አገኘሁትና፣ «በጥሞና ላይ መሆን ትክክለኛ አማርኛ ነው?» አልኩት። ሊቀመንበሩ አጠገባችን ጋዜጣ እያነበበ ነበር። ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«ይቺን አነጋገር የት ነው የሰማኋት? እነዚያ በየቤቱ የሚጸልዩት አይደሉም እንዴ? ማነው እንዲህ ያለው?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። መልስ እስክሰጠው አልጠበቀም፤ መዝገቡን ራሱ አንስቶ ገለጠ። በዚያ በተመሰገነው እጅ ጽሑፌ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

«የኔ ስህተት ነው» አልኩ። «በጥሞና እየሰማሁ ነበር ነው ያለው። ቸኩዬ ስጽፍ አበላሸሁት።»

ሊቀመንበሩ አፍጥጦ አየኝ። አስተማሪው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ስትቸኩል እንዲህ ናት» ብሎ አገዘኝ። መስመሩን ሰርዤ ፈረምኩበት፤ በሚቀጥለው እሁድም አዳራሹ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደረግኩ። በአማርኛዋ ለምትኮራ ሴት «አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አቅቶኛል» ማለት ሞት ነው። ቢሆንም ልብስ ሰፊው እዚያው ከኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ ስብሰባው ሲያልቅም ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ቦኖው ላይ ለሚስቱ ሁሉንም ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋና ጠብቄ ነበር።

«ማን ፊት ነው የጠየቅሽው?» አለችኝ።

«ሊቀመንበሩ ነበር... ግን እኮ ስለ ቃሉ ብቻ ነው የጠየቅኩት።»

ጀሪካኗ ሞልቶ ይፈሳል፤ ቧንቧውን አልዘጋችውም።

«እቴ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ የሰጠሁሽ ቃል አልነበረም። ባሌን ነው የሰጠሁሽ።»