የውሃው ከል

አባቴ ያረፈ ጊዜ እናቴ ለከል የምትለብሰውን ቀሚስና ነጠላ ጓሮ ጥቁር ነከረች። የቀለሙን ዱቄት ከጨው ጋር አፍልታ፣ በእንጨት እያገላበጠች። ከጭላሎ ተራራ በሚወርደው ብርድ የዚያ ድስት እንፋሎት ደስ ይል ነበር፤ እንዲህ ማለት ነውር ቢሆንም። የተረፈውን ጥቁር ውሃ አጥሩ ሥር ደፋችው። እስከ የት ጠቁሮ እንደሚሄድ ለማየት ቦዩን ተከትዬ ወረድኩ፤ መጨረሻውን ሳላገኝ ጠሩኝ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ኮሌጅ ስገባ መምህሬ በዕድሜ ይከተለኝ ነበርና «እትዬ» እያለ ነው ያስተማረኝ። ለመመረቂያዬ የመረጥኩት ያንኑ ውሃ ነው፦ ከዱቄት እጅግ የደቀቀ፣ ማግኔት የሚስበው የብረት ብናኝ ቀለም በሚይዝ ስስ ልባስ ሸፍኖ፣ ቀለሙን ከውሃ መልቀም።

«ብናኞቹን ካላለበሷቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ እትዬ» ይለኛል መምህሬ።

አለበስኳቸው። የቸገረኝ ማግኔቱ ነው። የቤተ ሙከራው ደካማ ስለሆነ ብናኙ ሳይሰበሰብ ይውላል። ካልተሰበሰበ ደግሞ ሥራው ከንቱ ነው፤ ምረቃም የለም። ጠንካራ ማግኔት ያለው በአባቴ ሬዲዮ ስፒከር ውስጥ ነበር። እሱ ዜና ሳይሰማ አይተኛም ነበር፤ ካረፈ ወዲህ ግን ሬዲዮው ተከፍቶ አያውቅም። እናቴ አቧራውን እንኳ ራሷ ነች የምትጠርገው።

ማግኔቱን ስጠይቃት «ምን ልታደርጊበት?» አለችኝ።

«ከውሃ ጥቁር ቀለም ላወጣበት።»

«ለውሃው ከሉን ልታወልቂለት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ ሬዲዮውን አየችው። «እዚሁ፣ እኔ ፊት ከሆነ።»

ስፒከሩን ከሬዲዮው በካቻቢቴ ፈታሁት። በጠርሙስ ካመጣሁት የቀለም ውሃ ላይ ጥቁሩን ብናኝ ስጨምር እናቴ ጮኸች።

«ኧረ ጭራሽ አጠቆርሽው!»

በጠበጥኩት፤ አቆየሁት፤ የስፒከሩን ማግኔት ከጠርሙሱ ጎን አስደገፍኩት። ጥቁሩ ቀስ እያለ ወደ ማግኔቱ ተሰበሰበ። በሌላው በኩል የመስኮቱ ብርሃን ገባ። እናቴ ጎንበስ ብላ በውሃው ውስጥ አሻግራ አየችኝ።

«ትንሽ ቀለም ቀርቶበታል» አልኩ። «እንደገና እሠራዋለሁ።»

«ተይው። ትንሽ ይቅርለት።»

ስፒከሩን ጠርጌ ቦታው ልመልሰው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ትምህርት ቤትሽ ውሰጂው። ግን ታመጪዋለሽ፤ ዜና እሰማበታለሁ።»