ክፉውን ቃል ማን ይጀምር

ሚስራ በየቀኑ ጠዋት ልጇን ሂክማን ትምህርት ቤት አድርሳ እንደተመለሰች መጀመሪያ የምትሠራው ብርድ ልብሶቹን መስቀል ነው። ከጅዳ ያመጣቻቸው፣ ነብርና ጽጌረዳ የታተመባቸው ወፍራም ብርድ ልብሶች ናቸው። በግድግዳው፣ በመስኮቱና በውስጠኛው በር ላይ በምስማር ታንጠለጥላቸዋለች። ከዚያ ወጣ ብላ ጎረቤቷን ባለሱቁን አደምን ፍሪጁን እንዲነቅልላት ትጠይቀዋለች።

"ለስላሳዬን ሾርባ አደረግሽው እኮ!" ይላል አደም በየቀኑ፤ በየቀኑም ይነቅላል።

ተመልሳ ትገባና ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። ባጃጅ ካልጮኸ፣ ዝናብም ቆርቆሮውን ካልደበደበው፣ ክፍሉ ለሥራ ዝግጁ ነው።

ሥራው ድምፅ መቅዳት ነው። ከደብረ ታቦር ገበያ ጀርባ በተከራየችው በዚህ ክፍል ሰዎች አንድ በአንድ እየተቀመጡ፣ በስልክ የሚላኩ ዐረፍተ ነገሮችን ይናገራሉ። ቅጂው አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ድርጅት ይሄዳል። ድርጅቱ አማርኛ ሰምቶ የሚረዳ ማሽን እየሠራ ነው። ማሽኑ የአዲስ አበባን ሰው ደህና አድርጎ ይሰማል፤ የፋርጣና የጋይንት ገበሬ ሲናገር ግን ግማሹን ይስታል። ስለዚህ የዚህን አገር ሰው ድምፅ እንዲለምድ ይፈለጋል። ተናጋሪው ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ትንሽ ትንሽ ይከፈለዋል። ሚስራም ማዕከሉን ስለምታስተባብር ደመወዝ አላት።

ሚስራ የሐሙሲት ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ጨውና ሳሙና ይነግዱ ነበር። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች አገባች፤ ሂክማን ወለደች፤ ልጅቷ በቅጡ ቆማ ሳትሄድ ከባሏ ተለያየች። ከዚያ ልጇን ለእናቷ ለከድጃ ትታ ጅዳ ገባች። የሰው ቤት ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ሰባት ዓመት አለፈ።

ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ትደውላለች። "አባባስ?" ስትል እናቷ "ደህና ናቸው፣ መስጊድ ሄደው ነው" ይላሉ። አባቷ መስጊድ ሄደው ሁለት ዓመት ሳይመለሱ ቀሩ። አገሯ የገባች ዕለት ዘመድ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ጠበቃት። በደስታ እጇን ዘርግታ ስትገባ ከሁለት ዓመት በፊት የሞቱትን የአባቷን መርዶ አረዷት። እናቷ "በስልክ እንዴት ይባላል?" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሚስራ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከሆዷ አላወጣችውም። ቃሉ ምንም ቢሆን በጊዜው ሊነገራት ይገባ ነበር ባይ ናት።

ሂክማ ደግሞ "እማ" የምትለው አያቷን ነበር፤ እናቷን "ሚስራ" እያለች በስሟ ትጠራት ነበር። ሚስራ አልተቆጣችም። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ልጅቷን ወሰደቻት፤ ፀጉሯን መሥራት፣ ደብተሯን ማየት፣ አብራት መብላት ጀመረች። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት ሂክማ ጫማዋን ስታስር "እማ፣ ክሩ ተበጠሰ" አለቻት። ሚስራ ጎንበስ ብላ፣ የተቋጠረውን ክር እየፈታች እንደገና ስትቋጥር ቆየች።

የድምፅ ቀረጻውን ሥራ ያገኘችው ባሕር ዳር በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ "አራተኛው የኢንዱስትሪ አብዮትና የወጣቶች ዕድል" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። ብዙ ሰው ብዙ ተናገረ። ሚስራ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኑ የገጠር ሰው ድምፅ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ የገጠር ሰው ታውቃለች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራው እንደ ጨዋታ ነበር። "የጤፍ ዋጋ ስንት ገባ?" "በሬው ጠፋብኝ።" ማንበብ ለማይችሉት ሚስራ ትቀድማለች፤ እነሱ ይከተላሉ። ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ ሀጂ አብዱልቃድር "ነገ ወደ ባሕር ዳር እሄዳለሁ" የሚለው ላይ ሲደርሱ እምቢ አሉ።

"ኢንሻአላህ ሳልል? ነገን የሰጠኝ ማን ነው?"

ስልኩን አስጠግተው "ነገ ኢንሻአላህ ወደ ባሕር ዳር እሄዳለሁ" አሉ። ማሽኑ ያቺን አንዲት ቃል ታገሠ።

በጥር ወር ግን አዲስ ሥራ መጣ። ድርጅቱ ሰው በድንገት ሲታመም የሚደወልበት የስልክ መስመር ሊዘረጋ ነው። ደዋዩን መጀመሪያ የሚሰማው ማሽኑ ስለሆነ፣ ማሽኑ የጭንቅ ቃል መልመድ አለበት። ዐረፍተ ነገሮቹም በዚያው ልክ ተለወጡ። "ባለቤቴ ደም እያስመለሰው ነው።" "ሕፃኑ መተንፈስ አቆመ።" "ልጄ ራሷን ስታ ወደቀች።"

መጀመሪያ የደረሰባቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው። በገበያ ቀን ከገሳይ ድንች ጭነው የሚመጡ ሴት ናቸው። ድምፃቸው እንደ ደወል የጠራ ስለሆነ ማሽኑ አንድም ቀን መልሶባቸው አያውቅም።

"ልጅቷ ራሷን ስታ ወደቀች፤ እዚያ ላይ 'ልጄ' ይበሉ እትዬ" አለች ሚስራ።

"ማን? የኔ ልጅ?" ፈንታነሽ ከወንበሩ ተነሡ። "በስመ አብ! ምን አድርጋሽ ነው? ወረታ ላይ ባሏ ቤት ሰላም ተቀምጣ!"

"የርስዎ ልጅ አይደለችም እኮ። እንዲያው ለማሽኑ ነው።"

"ማሽኑ ልጅ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያማ የራሱ ጎማ ፈነዳብኝ ብሎ ይጩህ!"

ብዙ ከተለመኑ በኋላ ተቀመጡና "የጠላቴ ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች" አሉ። ወዲያው ደግሞ ነገሩ ከበዳቸው። "ኧረ የሷስ ልጅ ምን አደረገችኝ" ብለው "ማረኝ ጌታዬ" አሉ። ማሽኑ ያን ሁሉ ቀድቶ፣ አልቀበልም በሚለው በቀይ ምልክት መለሰው።

ሌላውም እንደዚሁ ሆነ። አንዱ "የሰይጣን ጆሮ ይደፈንና" ብሎ ይጀምራል። አንዷ "ሕፃኑ መተንፈስ" ትልና "አላቆመም" ብላ ትጨርሳለች። ሀጂ አብዱልቃድር የዐረፍተ ነገሩን ዕጥፍ የሚያህል ዱዓ ከፊቱ ይጨምራሉ። ከተጻፈው የራቀውን ሁሉ ማሽኑ አይቀበልም፤ በሳምንት ውስጥ ከአረንጓዴው ቀዩ በለጠ።

ሚስራ አንድ ዘዴ ሞከረች። እሷ ከምትቀድም ማሽኑ ራሱ በተሠራለት ድምፅ ያንብብና ሰዎቹ ይከተሉ አለች። ሀጂ አብዱልቃድር የማሽኑን ድምፅ ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልክ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ቃሉን ረግጠው አወጡት። ራሳቸውም ሳቁ። የደብረ ታቦር ዜማ ከአፋቸው ጠፍቶ ነበር፤ የተፈለገው ደግሞ ያው ዜማ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚቆጣጠራት ዋልልኝ ደወለ። ትሑት ወጣት ነው፤ ሲጨንቀው "እህቴ" ይላል።

"እህቴ፣ ሰዎቹ የተጻፈውን ለምን አይሉም?"

"ይፈራሉ። ሟርት ይሆንብናል ይላሉ።"

"ንገሪያቸዋ፣ የውሸት ነው በያቸው።"

"አንተ 'እናቴ ሞተች' በል እስቲ።"

ዋልልኝ ሳቀ። "ይቅርብኝ" አለ። "ግን ምን ላድርግ? አለቆቼ የሚያዩት ቀዩን ነው። በዚህ ወር ካልተስተካከለ ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ እንወስዳለን ብለዋል። እኔ ተከራክሬልሻለሁ።"

በዚያው ሰሞን ጅዳ ያለችው የአጎቷ ልጅ ደወለች። የቀድሞ አሠሪዋ ሚስራን ትፈልጋለች፤ ቪዛው ዝግጁ ነው፤ እሺ ወይም እንቢ በይኝ አለች። ሚስራ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ስጪኝ አለቻት። ማዕከሉ ከተዘጋ ደብረ ታቦር ላይ ሌላ ሥራ ፈልጋ እንደማታገኝ ታውቃለች። ከሄደች ሂክማ ወደ አያቷ ትመለሳለች፤ "እማ" የሚለውም ስም አብሯት ይሄዳል።

ሁለተኛው ዘዴ የመጣላት ሰዎቹን ልብ ብላ ካየች በኋላ ነው። ቃሉን የማይሉት ክፉውን የሚመልሱበትን ጸሎት ስለሚከለከሉ እንደሆነ ገባት። ስለዚህ መጀመሪያ ያሻቸውን ይበሉ፤ ይማጸኑ፣ ያማትቡ፣ ዱዓ ያድርጉ። ሲጨርሱ ዝም ይበሉ። ያን ጊዜ እሷ ቀረጻውን ትጀምራለች። ዐረፍተ ነገሩ እንዳለቀ ታቆመዋለች፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ "ክፉ አይንካት" ይላል። ለማሽኑ የሚደርሰው መካከሉ ብቻ ነው። ሀጂ አብዱልቃድር ይህን በደስታ ተቀበሉ፤ "መጀመሪያ ነበር እንዲህ ማለት" አሉ።

ፈንታነሽ ግን በገበያው ቀን መጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠው አንድ ነገር ጠየቁ።

"እላለሁ። ግን አንቺ ቅደሚ።"

"ሁልጊዜም እቀድማለሁ እኮ እትዬ።"

"አትቀድሚም! አንቺ የምትዪው 'ልጅቷ' ነው። የማን ልጅ? የመንገድ? እኔን 'ልጄ በይ' ትዪኛለሽ፤ ካንቺ አፍ ሲሆን 'ልጅቷ'። ድንች ብሸጥ ጆሮ አልሸጥኩም።"

ሚስራ የቀደመቻቸውን ቃላት መለስ ብላ አሰበች። እውነት ነው። ከጥር ጀምሮ አንድም ቀን "ልጄ" ብላ አልቀደመችም፤ እንዳላለችም እስከ ዛሬ ልብ አላለችም ነበር። ቃል ሰው አይገድልም ብላ ከእናቷ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክራለች። ምላሷ ግን ሳያማክራት የራሱን መንገድ ሄዷል።

ትምህርት የሌለበት ቀን ስለነበር ሂክማ በውስጠኛው ክፍል ተደፍታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ከእናቷ የሚለያት በበሩ ላይ የተሰቀለው ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ሚስራ ወደዚያ አየች። የአጎቷን ልጅ ጥያቄ አሰበች። ቃሉን ካላለችው ሂክማን ጥላት ትሄዳለች፤ ካለችውም የምታሟርተው በዚህችው ልጅ ላይ ነው።

"ያ አላህ፣ አያድርገው" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ "ልጄ ራሷን ስታ ወደቀች" አለች።

ብርድ ልብሱ ተገለጠና ሂክማ እርሳሷን ነክሳ ብቅ አለች።

"ማን? እኔ? አልወደቅሁም እኮ እማ!"

ፈንታነሽ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። "ኧረ ተነሥታለች በይ! ነይ እስቲ አንቺ፣ ነይ!" ልጅቷን ስበው ግንባሯን እትፍ እትፍ ብለው መረቋት። "እደጊ፣ ክፉ አይይሽ፣ እናትሽን ጡሪ።" ሂክማ በእጅጌዋ ግንባሯን እየጠረገች ወደ ቤት ሥራዋ ተመለሰች። ፈንታነሽ አማተቡ፤ ዝም አሉ፤ ሚስራ ቀረጻውን ጀመረች።

"ልጄ ራሷን ስታ ወደቀች" አሉ ፈንታነሽ፣ በዚያ በጠራ ድምፃቸው፣ እስከ ወረታ ድረስ የሚሰማ እስኪመስል። ሚስራ ቀረጻውን አቆመች፤ ሁለቱም በአንድ ላይ "አያድርገው!" አሉ። ስልኩ አረንጓዴ አበራ።

ወሬው በገበያው ተዳረሰ። የሚመጣው ሁሉ "አንቺ ቅደሚ" ይላት ጀመር። ሚስራም ትቀድማለች። በቀን ምን ያህል ጊዜ እንደምትለው መቁጠር ተወች። ከሰዓት በኋላ ሂክማን ከትምህርት ቤት ልትወስድ ስትሄድ እርምጃዋ ይፈጥናል፤ በሩ ላይ ከሌሎቹ ልጆች መካከል እስክታያት ድረስ አታርፍም። ይህን ለዋልልኝ አልነገረችውም። የሚጠይቃት ስለ ቀዩና ስለ አረንጓዴው ነው፤ ቀዩ እየቀነሰ ነበር።

እናቷ ከድጃ ግን ሰሙ። ከሐሙሲት ደወሉ።

"ሚስራ፣ እውነት ነው?"

"ሥራ ነው እማ።"

"ሰባት ዓመት ሙሉ ስታተኩስም ስትወድቅም ያን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ጥርሴን ነክሼ ያሳደግኋትን ልጅ አንቺ ቀኑን ሙሉ ትጥያታለሽ?"

ሚስራ ስለ አባቷ ልትል የነበረው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ መለሰችው። "እሷን ትቼ እንዳልሄድ ነው እማ" አለች። እናቷ "እሷን አገናኚኝ" አሉ። ሂክማ ስልኩን ተቀብላ ስለ ትምህርት ቤት ስታወራ፣ ከድጃ ልጅቷ በምን ድምፅ እንደምትናገር ብቻ ያዳምጡ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ዋልልኝ ደውሎ ማዕከሉ እስከ ሰኔ እንዲቆይ መወሰኑን ነገራት። ሚስራ ለአጎቷ ልጅ እንቢታዋን ላከች፤ ቪዛው ለሌላ የሐሙሲት ሴት ተሰጠ። ሰኞ ዕለት አዲስ ዐረፍተ ነገሮች መጡ፤ ስለ ቤት ቃጠሎ ናቸው።