የኔታ መቶ፣ እኔ ሠላሳ ሦስት

ዓርብ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የትምህርት ቤታችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ... ሹፌሩ «ደርሰናል» ያለኝ ሁለት ጊዜ ነው። አልሰማሁትም።

«የኦንላይን ስልጠናው ውጤት» ይላል። የኔታ ይበልጣል መቶ ፐርሰንት። እኔ ሠላሳ ሦስት።

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። በኢንተርኔት የሚማር ተማሪ የት እንደደረሰና ምን እንደሳተ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ መዝገቡም ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያስተምር ስልጠና መጥቶልን ነበር። አሥራ ሁለት ትምህርት ነው። ቀድሞ የጨረሰ አንድ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ይሰለጥንና የኦንላይን ትምህርት አስተባባሪ ይሆናል። ቦታውን ፈልጌው ነበር... በጣም። ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ ስይዝ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ሂጂ» ተብዬ አላውቅም።

የኔታ ይበልጣል አማርኛ አስተማሪ ናቸው። ቋሪት ቅኔ ቤት ስላደጉ ነው «የኔታ» የምንላቸው። ደግ ሰው ናቸው። ግን ማውሱን እንደ ድጅኖ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት። እኒህ ሰውዬ... መቶ?

ምን ይደበቃል፣ ቀናሁ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል፣ እኔ ጽፌ አጠፋለሁ፣ ጽፌ አጠፋለሁ።

ደግሞ እኮ የለፋሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ትምህርቶች በስልኬ ጨረስኩ። ኔትወርኩ ሲያስቸግረኝ ወደ አይሲቲ ክፍሉ ኮምፒውተር ዞርኩ። ገጹ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይጠብቀኛል። አራተኛው ትምህርት ላይ ብቻ አረንጓዴው ምልክት አልነበረም። «ይሄ ኔትወርክ በልቶት ነው» ብዬ ደግሜ ሠራሁት፣ ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት ወረድኩ። ቅዳሜ ሳይቀር ቁልፍ አስወጥቼ!

በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። የኔታም እዚያው ተቀምጠዋል። ጭራሽ የባሕር ዳር ደብዳቤያቸውን ሊወስዱ!

«ይቅርታ ያድርጉልኝና...» አልኳቸው ርዕሰ መምህሩን፣ «የኔታ ትምህርት ሰባትን ይንገሩን እስቲ።»

የኔታ ዞር ብለው አዩኝ።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ። በቃሌ ሳልይዘው አላልፍም ብዬ ከጨረስኩትም በኋላ እሱኑ እደጋግማለሁ። መቶ ሆነዋል ሲሉኝ ደንግጬ፣ ተሳስታችኋል ልል ነው የመጣሁት።»

ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። «ቅዳሜ አምስት ሰዓት፣ ትምህርት ዘጠኝ ተጠናቀቀ።»

«ቅዳሜ እኔ ቡሬ ለቅሶ ነበርኩ» አሉ የኔታ።

ሰው እያሠሩ ነው የጨረሱት ልል አፌን ስከፍት ርዕሰ መምህሩ ቀጠሉ። «ትምህርት አሥር፣ ጥያቄ አራት። ሁለት ጊዜ ተሳተ፣ በሦስተኛው ተመለሰ።»

ያንን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ የሳትኩት እኔ ነኝ።

ለካ የኔታም የሚማሩት በዚያው በአይሲቲ ክፍሉ ኮምፒውተር ነው፣ ከአካውንታቸውም ወጥተው አያውቁም። ሁለታችንም ፎቶ ስላላስገባን ገጹ ጥግ ላይ የምትታየው ግራጫ ጭንቅላት አንድ ናት። ስሙን ጠቅ አድርጎ ያየ የለም። እኔ እስከ አሥራ ሁለት የወረድኩት በእሳቸው ስም ነው።

«መዝጋት ነበረብኝ እንዴ?» አሉ የኔታ ፊታቸው ልውጥ ብሎ። «እኛ ቅኔ ቤት እኮ መጽሐፉ አንድ ነው። ለሚቀጥለው ሰው ገልጠህለት ነው የምትነሣው...»

ርዕሰ መምህሩ ባሕር ዳር ደወሉ። ስሙ አይቀየርም፣ ምዝገባው ተዘግቷል፣ የኔታ ካልሄዱ ቦታው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል ተባሉ። የኔታ ግን «ያልተማርኩትን ተምሬያለሁ ብዬ አልሄድም» ብለው ድርቅ አሉ።

«እኔ አስተምርዎታለሁ፣ ይሂዱ» አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት፣ እንዳታመሰግኑኝ።

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ከክፍል በኋላ እጃቸውን አጣምረው ፊቴ ይቆማሉ። ትምህርቱን በቃላቸው ይወጡታል፣ ከሳቱ እመልሳቸዋለሁ። ስመልሳቸው ደስ እንደሚለኝም አልክድም።

ትናንት ትምህርት አሥር ደረስን። ያችን ጥያቄ አራትን ሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተማሪ በሌላ ሰው አካውንት ገብቶ ቢማር ውጤቱ ለማን ይመዘገባል?»

«ለባለ አካውንቱ ነዋ» አሉ።

በመጀመሪያው ሙከራ... እንደገና ቀናሁ።