ለተዋናይቷ የወረደ ሙሾ

ደሴ፣ ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕሏን አየሁት። የህንድ ፊልም ተዋናይት ናት። ዛሬ የጀግናው እናት ሆና ፀጉሯ ሸብቷል።

ዝናብ ጠፍቶ ማሽላው ከመቅረቱ በፊት ፊልሟ እኛ አገር ቆቦ ታይቶ ነበር። በመኪና የመጡ ሰዎች በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረው አሳዩን። ዘፈነች፣ ጨፈረች፣ በመጨረሻም ሞተች። ይሄኔ የአገሩ አልቃሽ እማማ ዘርፌ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሙሾ አወረዱ። ሴቱ ሁሉ ተቀበላቸው።

ታላቅ እህቴ እታለም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ህንዳዊው መምህራችን የተዋናይቷን ሕይወት አጫውተዋታል፤ ፊልም የጀመረችው በልጅነቷ፣ ቤተሰቧን ለማብላት እንደሆነ ታውቃለች።

«እማማ፣ አልሞተችም እኮ። ነገ በሌላ ፊልም ትዘፍናለች።»

«አንቺ ሞኝ፣ ሬሳዋን እያየሁ ዝም ልበል? ለሰው አገር ሰውም ቢሆን እንባ አይነፈግም።»

እታለም ያንን ዘፈን ቃሉን ሳታውቀው ስታንጎራጉር ከረመች። ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ ድምጿ ሄደ። ከዚያ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እሷም ሄደች።

ለቀብሯ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። እማማ ዘርፌ በዱላ ተደግፈው ደረሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሊያስሩ ሞከሩ፤ ጣታቸው አልታዘዝ አለ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም።

«ልጄ፣ ሙሾም እህል ይፈልጋል» አሉኝና አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

ሥዕሉ ሥር ብዙ ሳልቆም አልቀረሁም። ቲኬት ሻጩ «ትገባለህ?» አለኝ።

«በዚህኛው ትሞታለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ገብተህ እየው» አለኝ።