ሸንጎውና ፕሬዝዳንቱ ሲጣሉ

የሰኞ ገበያው የቀበሌ አዳራሽ ያለው አንድ በር ነው፤ ስብሰባ ሲጀመር እሱም ከውጭ ይቆለፋል። የዚያን ቀን የተሰበሰብነው ለረቂቁ ሕገ መንግሥት ውይይት ነበር። ደርግ ሊቀር፣ አገሩም ሪፐብሊክ ሊሆን ነው ተብሏል። አስተማሪ በመሆኔ አስረዳ ተባልኩ። እምቢ ማለት አይሞከርም።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከሁሉ በላይ ሕዝብ የሚመርጠውን ብሔራዊ ሸንጎ ጻፍኩ። ከሥሩ ሸንጎው የሚመርጠውን ፕሬዝዳንት፣ ከዚያ የሚኒስትሮችን ምክር ቤት። ሸንጎው በማይሰበሰብበት ጊዜ ተክቶት የሚሠራ የመንግሥት ምክር ቤት አለ፤ የዚያም ሰብሳቢ ያው ፕሬዝዳንቱ ነው። ይችን ቶሎ ብዬ አለፍኳት፤ የፓርቲው ካድሬ ከኋላዬ ተቀምጧል።

"አስተያየት ያለው?" አለ ካድሬው። የሚፈልገው ጭብጨባ መሆኑን ከአጎቴ በቀር የማያውቅ አልነበረም። አጎቴ አባጋር ነበሩ፤ ደም የተቃባ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ። አስተያየት ስጡ ሲባል የምር መሰላቸው። ተነሥተው እንደ ዕርቅ ቀን በትራቸውን መሃል ወለሉ ላይ አጋደሙት። በትር ከተጋደመ መልስ ሳይገኝ ማንም አይነሣም፤ ደንባቸው ነው።

"ልጄ፣ ሸንጎውና ፕሬዝዳንቱ የተጣሉ እንደሁ ማን መሃል ይገባል? ወላሂ፣ እኛ ዘንድ በዳይ በራሱ ነገር ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም!"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ መሃል የሚገባው ያው ፕሬዝዳንቱ ራሱ ነው። ብናገር እኔ ልታሰር ነው፣ ዝም ብል እሳቸው። ካድሬው እስክሪብቶውን አወጣ። አጎቴን በዚያች ቅጽበት ጠላኋቸው፤ እንዲህ ቅን መሆናቸውን ጠላሁት።

"አይጣሉም፣ አጎቴ" አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በትራቸውን አነሡና መዳፋቸውን ዘረጉ። "ያረቢ፣ የተጨነቀውን ሁሉ አንተ ገላግለው!"

ወሎ ዱዓ ሰምቶ ዝም አይልም፤ አዳራሹ በሙሉ "አሚን!" አለ። ካድሬውም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ሳያስበው ከሁሉም ጮክ ብሎ "አሚን!" አለ። ወዲያው ደነገጠ፤ ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም። ራሱ አሚን ባለበት ዱዓ ማንን ይክሰስ? እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና በሩን አስከፈተ።

አጎቴ በሰላም ቤታቸው ገቡ። እኔን ግን ካድሬው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "መልስህ ጥሩ ነበር" አለኝ፤ በማግስቱም ሐርቡ ከተማ ወርጄ ያንኑ እንዳስረዳ አዘዘኝ። መንገዱን ሁሉ ፈጣሪዬን አንድ ነገር ብቻ እየለመንኩ ሄድኩ፦ ሐርቡ ውስጥ እንደ አጎቴ ያለ ሰው እንዳይኖር።